ስማችን የሌለበት የፖስታ ሣጥን

ሣጥኖቹ ከሕንፃው መግቢያ በስተቀኝ፣ ግድግዳው ላይ በሦስት ረድፍ ተሰቅለዋል። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ሃያ አራት ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ጠባብ ወረቀት ተለጥፏል፣ ወረቀቱ ላይ ስም አለ። አንዳንዱ ላይ ሁለትና ሦስት ስም ተደራርቧል። አንዱ ሣጥን ላይ ደግሞ ከዓመታት በፊት ለቆ የሄደ ሰው ስም እስካሁን አልተላጠም። የእኔ ስም ግን ከሃያ አራቱ በአንዱም ላይ የለም። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ስወጣ፣ ማታ ስገባ እነዚያን ሣጥኖች እያየሁ አለፍኩ። ለእኔ የተጻፈው ደብዳቤ እዚያው ደጃፍ ድረስ ይመጣል፣ ተቀባይ ያጣና ይመለሳል።

በርሊን ውስጥ አድራሻ ማለት እንዲህ ነው። መንገዱ ስም አለው፣ ሕንፃው ቁጥር አለው። ከዚያ በኋላ ስንተኛ ፎቅ፣ ስንተኛ በር የሚባል ነገር አይጻፍም። ፖስተኛው የሚፈልገው በሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን ስም ነው። ስሙን ካጣ ደብዳቤውን ይዞ ይመለሳል። ነገሩ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል። እኔም ከአዲስ አበባ ስነሳ እንዲህ ያለ ነገር ያስጨንቀኛል ብዬ አላሰብኩም። በእኛ አገር ሰው ቢጠፋ «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ተብሎ ይገኛል፤ ሰፈሩ ያውቀዋል። እዚህ ግን ሰውየው የሚታወቀው በወረቀቱ ነው፣ ወረቀቱ ደግሞ የሚመጣው በፖስታ ነው። የባንክ ካርድ በፖስታ ይመጣል። የካርዱ የምስጢር ቁጥር ለብቻው በሌላ ፖስታ ይመጣል። የጤና መድን ካርድ፣ የግብር መለያ ቁጥር፣ የመሥሪያ ቤት ቀጠሮ፣ ማስጠንቀቂያውም ቅጣቱም በፖስታ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሌላው አይንቀሳቀስም።

«ታዲያ ስምህን ጽፈህ አትለጥፍም?» የሚለኝ አይጠፋም። ሣጥኑ የእኔ አይደለም። እኔ የተከራይ ተከራይ ነኝ። ቤቱን ከባለቤቱ የተከራየው ሰው አንዱን ክፍል ለእኔ ሲያከራይ ፈቃድ አልጠየቀም፤ ስሜ ደጃፍ ላይ ከታየ ይነቃብኛል ብሎ ይፈራል። ክፍሉን ሲሰጠኝ በመጀመሪያው ቀን የነገረኝ ሁለት ነገር ነው፦ ኪራዩ በወሩ መጀመሪያ በእጅ እንዲከፈል፣ «አንሜልዱንግ» እንዳላስብ።

ጀርመን አገር የኖረ ሐበሻ ይህችን ቃል ያለ ትርጉም ያውቃታል። ሌላው አንባቢ ይወቃት፦ ወደ አንድ ቤት የገባ ሰው በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ለአካባቢው አስተዳደር ቀርቦ «እዚህ ነው የምኖረው» ብሎ መመዝገብ አለበት። ሕግ ነው። ለመመዝገብ ደግሞ ቤቱን የሰጠው ሰው በፊርማው ያረጋገጠው ወረቀት ያስፈልጋል፤ ይህ ግዴታ የመጣው ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። አከራዬ ያንን ወረቀት አልፈርምም አለ። ያለዚያ ወረቀት ምዝገባ የለም። ያለ ምዝገባ የግብር መለያ ቁጥር አይላክም፣ ሒሳብ ለመክፈት የጠየቅኩት ባንክም የምዝገባውን ወረቀት አምጣ አለኝ። ሌላ ቤት ልፈልግ ብዬ ስወጣ አከራዮቹ የባንክ ሒሳብ፣ የገቢ ማስረጃ፣ ከዕዳ ነፃ መሆኔን የሚያሳይ የ«ሹፋ» ወረቀት ይጠይቁኛል። ያኔ አገሩ ከገባሁ ገና ሃያ ቀኔ ነበር፤ የዕዳ ታሪክ ከየት ላምጣ? ቤት ለማግኘት ወረቀት፣ ወረቀት ለማግኘት ቤት። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይኸው ነው።

በዚህ መሃል የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ነው። ገንዘብ ሳይኖረኝ ቀርቶ ቢሆን አንድ ነገር ነው። እኔ ግን ገንዘብ አለኝ፤ ተቆልፎ ነው ያለው።

ለጀርመን የተማሪ ቪዛ የሚያመለክት ሰው የአንድ ዓመት መኖሪያውን አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጡን እንዲያሳይ ይጠየቃል። «ብሎክድ አካውንት» የምንለው ነው። እኔ ማመልከቻ ማሰባሰብ ስጀምር የሚጠየቀው 11,208 ዩሮ ነበር። አባቴ ከወንድሞቹ ጋር ተቀምጦ ሲያሰላ የነበረው ይህንን ቁጥር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን አልፎ ሄደ። ያ ሳይበቃ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዝግ ሒሳቡ መጠን ወደ 11,904 ዩሮ ከፍ አለ። እኛ ቤት ያን ክረምት የሆነውን አልረሳውም። ብሩ በግማሽ ወርዶ፣ የሚፈለገው ዩሮ ጨምሮ፣ በባንክ ሒሳብ ብንሄድ ቤተሰቡ ያሰበው ብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። እናቴ የተሸጠውን ነገር እስካሁን በስሙ ጠርታ አትነግረኝም። ውጭ ያሉ ዘመዶች እየተጠሩ፣ የአንዱ ቃል እየታጠፈ፣ የሌላው እየተለመነ ሞላ።

ያ ሁሉ ሰው ያዋጣው ገንዘብ ነው እንግዲህ እዚህ ዝግ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ የማልደርስበት። በወር 992 ዩሮ ይለቀቅልሃል ተብሏል። የሚለቀቀው ግን በስሜ በተከፈተ ሌላ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡ የምዝገባ ወረቀት ይፈልጋል፤ ምዝገባው የአከራዩን ፊርማ ይፈልጋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሁለት ወር ሙሉ ከአገሬ በኪሴ የያዝኳትን ገንዘብ እየቆጠርኩ፣ ምሳዬን በዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት፣ በ«ሜንዛ»፣ በርካሹ ሰሃን እየበላሁ፣ ከአንድ የአገሬ ልጅ መቶ ዩሮ ተበድሬ ነው የቆየሁት። እሱም ተማሪ ነው። ሲሰጠኝ እጁ ሲያመነታ አይቻለሁ፤ አልፈርድበትም።

ቤት ፍለጋውን ያየ ያውቀዋል። በርሊን ውስጥ ወደ 200,000 ተማሪ አለ፤ ለተማሪ ተብሎ የተሠራው ማደሪያ ወደ 9,000 ሰው የሚይዝ ነው። ወረፋው ከአንድ ሴሚስተር በላይ ይዘልቃል፤ ስም አስይዘው ትምህርታቸውን ሊጨርሱ ሲሉ የተጠሩ ልጆች አውቃለሁ። ስለዚህ ሁሉም የሚሄደው ወደ «ቬጌ» ነው፤ ሦስት አራት ሰው አንድ ቤት ተካፍሎ ወደሚኖርበት። ወደ ዘጠና ለሚሆኑ ማስታወቂያዎች ጻፍኩ። መልስ የሰጡኝ ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ አምስቱ ኑና እንይህ አሉኝ።

አንዱን ልንገራችሁ። ኖይኮልን የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለውም። ወጥ ቤት ውስጥ አስገቡኝ። ጠረጴዛው ዙሪያ ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ እኔና ሌላ ሁለት ቤት ፈላጊዎች ከፊታቸው ተደርድረናል። ሻይ ቀዱልን። ከዚያ ተራ በተራ ይጠይቁን ጀመር። ትርፍ ጊዜህን በምን ታሳልፋለህ? ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለህ? እንግዳ ይበዛብሃል? ምን ዓይነት ሰው ነህ? ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ስለ ጉዞዋ፣ ስለ ሸክላ ሥራዋ ትናገራለች፤ ይስቃሉ፣ ይጽፋሉ። የእኔ ተራ ሲደርስ ምን ልበል? እኛ ቤት ሰው ራሱን እንዲያሞግስ አልተማርንም። «ጥሩ ሰው ነኝ» ብሎ መናገር ነውር ነው፤ የሚመሰክርልህ ሌላ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ ዝምተኛ ነው፣ አይመቸንም ይላሉ። አንደኛው በትህትና «የምታበስለው ነገር ሽታው ጠንካራ ነው?» አለኝ። በርበሬው ሻንጣዬ ውስጥ ነው፤ እናቴ ሦስት ጊዜ በፌስታል ጠቅልላ የሰጠችኝ። «አይደለም» አልኩት። ውሸት ነው የተናገርኩት። ደረጃውን ስወርድ የከነከነኝ ቤቱን ማጣቴ አልነበረም፤ የእናቴን በርበሬ መካዴ ነው። መልሱ በሦስተኛው ቀን በአጭር መልእክት መጣ፦ ከባድ ምርጫ እንደነበረ፣ መልካም ዕድል እንደሚመኙልኝ።

አጭበርባሪውም ይህንን ችግራችንን ያውቃል። ከእኔ ጋር የመጣ አንድ ልጅ ውብ የሆነ ቤት በርካሽ ዋጋ አገኘሁ ብሎ ነበር። «ባለቤቱ» ውጭ አገር ነኝ፣ መያዣውን ላክና ቁልፉን በፖስታ እልክልሃለሁ አለው። ላከ። ቁልፍ አልመጣም። ሕጉ መያዣ፣ ተጨማሪ ወጪ ሳይታሰብ፣ ከሦስት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም ይላል፤ ቤቱን በዓይኑ ያላየ ሰው ግን አምስት ሳንቲም መክፈል የለበትም። ይህንን ወደዚህ ለምትመጡ ሁሉ አጥብቄ እነግራችኋለሁ፦ ላልገባችሁበት ቤት አትክፈሉ። ያ ልጅ ያጣው የአንድ ዓመት እህል ነው።

ደግሞ የስሙ ጣጣ አለ። ይህንን ሌላ አገር ሰው አይረዳውም፣ እኛ ግን ሁላችንም አለብን። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሴ ስም፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም ነው ያለኝ። ፓስፖርቱ ላይ የእኔና የአባቴ በአንድ መስመር ይጻፋል፣ የአያቴ ስም «የቤተሰብ ስም» ከሚለው ቦታ ይገባል። ስለዚህ እዚህ አገር እኔ አያቴ ነኝ። ደብዳቤው «አቶ» ብሎ የሚጠራው አያቴን ነው። በሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ የሚጠራው አያቴ ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን እሱን ሲጠሩ ቁጭ ብዬ ተራዬ አለፈኝ። አያቴ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ያልተሻገረ ገበሬ ነው፤ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ። ስሙን እንዲህ በባዕድ አንደበት ተሰባብሮ ስሰማ ልቤ ይነካል። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ ላይ ደግሞ ያው ስም በሌላ ፊደል ነው የተጻፈው። «ጸ» በላቲን ፊደል አንዱ ጸሐፊ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ሌላ ዓይነት ይጽፈዋል። እኛ አገር ማንም ልብ አይለውም። እዚህ ግን የአንድ ፊደል ልዩነት «ይህ ሰው ያ ሰው መሆኑ ይረጋገጥ» ያስብላል። ማረጋገጫው ከአዲስ አበባ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት እስኪመጣ አምስት ሳምንት ፈጀ። ልጆቻችሁን ለምትልኩ፣ ራሳችሁም ለምትመጡ፦ ትራንስክሪፕቱን ከማውጣታችሁ በፊት ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። አገር ቤት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ እዚህ ሳምንታት ይበላል።

ቀጠሮውን አላነሳም ብዬ ነበር፤ ግን እንዴት ይታለፋል? «ቴርሚን» የማይባልበት ነገር የለም። በርሊን አሥራ ሁለት ወረዳዎች አሏት፣ በየትኛውም ወረዳ ሄዶ መመዝገብ ይቻላል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቀጠሮው የሚያዘው በኢንተርኔት ነው፣ ክፍት ቀን የሚባል የለም። በየቀኑ ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ስልኬን ከፍቼ ገጹን አድሳለሁ፤ ሰው የሰረዘው ቀጠሮ ካለ በዚያ ሰዓት ብቅ ይላል ሲሉ ሰምቼ። ብቅ ይላል፤ እስክነካው ሌላው ይወስደዋል። የመኖሪያ ፈቃዱም እንደዚያው ነው። ቪዛህ ሊያልቅ ሳምንታት ቀርተውት፣ ማመልከቻህን አስገብተህ፣ መልስ ሳይመጣ ቀኑ ሲደርስ የሚሰማህን ነገር ያልቀመሰ አያውቀውም። አገሩ ያላባረረህ፣ ግን ያልተቀበለህ ሆነህ መሀል ላይ ትንጠለጠላለህ። በዚህ መሃል ፈተና አለ፣ የቤት ሥራ አለ፣ «ትምህርት እንዴት ነው?» የሚል ስልክ አለ።

ትምህርቱማ ራሱ ጥሩ ነው። ይህንን ሳልናገር ባልፍ በደል ነው። የትምህርት ክፍያ የለም፤ በየሴሚስተሩ የምንከፍለው መዋጮ ነው፣ ከእሱ ውስጥ በ2024 እ.ኤ.አ. 176 ዩሮ ከ40 ሳንቲሙ መላ ጀርመንን በከተማ ባቡርና አውቶቡስ የሚያስኬድ የስድስት ወር ትኬት ዋጋ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ሌሊት ድረስ ክፍት ነው። መምህራኑ ጥያቄ አይጠሉም። ግን ነገሩን ማን አስቀድሞ ነገረን? ለፈተና ራስህ በጊዜው ካልተመዘገብክ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ክፍል ብትገባም ፈተናው ላይ አትቀመጥም። ማንም አያስታውስህም። ውጤቱም ተገልብጦ ነው የሚሰጠው፦ 1.0 ከሁሉ በላይ፣ 4.0 ለጥቂት ማለፍ፣ 5.0 መውደቅ። እኛ አገር አራት ነጥብ ያመጣ ልጅ ሰፈሩ ይኮራበታል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ለእናቴ ደውዬ «አንድ ነጥብ ሦስት አመጣሁ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አዲስ አገር ነው፣ ይለመዳል» አለችኝ። እስካስረዳት ድረስ ያሳለፈችውን ደቂቃ ሳስብ አሁንም ያመኛል።

የጤና መድኑም ለብቻው ሸክም ነው። ሳይኖርህ ዩኒቨርሲቲው አይመዘግብህም። በእኔ ዕድሜ በወር ከ120 ዩሮ በላይ ነው። ሠላሳ ዓመት የሞላው ግን በተማሪው ዋጋ አይገባም። ከእኛ ስንቱ ነው አገር ቤት አምስት ስድስት ዓመት አስተምሮ፣ ቤተሰብ መሥርቶ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚመጣው? ሠላሳ ሦስት ዓመቱ የሆነ አንድ ጓደኛችን የመጀመሪያውን ወር የመድን ሒሳብ ሲያይ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና እስከ ማታ ሳይናገር ዋለ። ከ992 ዩሮ ላይ የክፍል ኪራይ 620፣ መድኑ ሲነሳ የሚተርፈው 250 ዩሮ ገደማ ነው። ከእሱ ላይ ምግብ፣ ስልክ፣ ካፖርት። ያ ገንዘብም ከተለቀቀ ነው።

ሥራ እንሥራ ብንል በሕጉ መሠረት ለእኛ የሚፈቀደው በዓመት 140 ሙሉ ቀን ነው። አገኘሁ፤ ምግብ ቤት ዕቃ ማጠብ፣ በሰዓት 12 ዩሮ ከ41 ሳንቲም። የግብር መለያ ቁጥሬ ያለበት ደብዳቤ ስላልደረሰኝ አሠሪዬ በስድስተኛው የግብር መደብ ቆረጠብኝ፤ ከሁሉ የከበደው እሱ ነው። በኋላ ይመለሳል አሉኝ። ይመለስ ይሆናል፤ እኔ ግን ኪራይ የምከፍለው ዛሬ ነው።

እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው፣ ጠዋት ደግሞ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የምትወጣው። ከክፍል ስወጣ ጨለማ፣ ስገባ ጨለማ። ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ብርሃን ለለመደ ሰውነት ይህ ቀላል አይደለም። ቫይታሚን ዲ ውሰዱ ይላሉ፤ እወስዳለሁ። ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው ግን ፋርማሲ አይሸጥም። ከቤት ወጥቼ እስክመለስ «ደህና አደርክ» የሚለኝ ሳላገኝ የዋልኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

አገር ቤት ያለው ወገን ይህንን አያውቅም፤ ማንስ ነገረው? ስልኬ ይጮኻል። አጎቴ ነው፤ ለዝግ ሒሳቡ ካዋጡት አንዱ። «እንዴት ነህ፣ ለመድክ ወይ?» ይለኛል። «ደህና ነኝ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ። ከዚያ ስለ ልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ያነሳል። አይፈረድበትም። እሱ የሚያውቀው 11,904 ዩሮ መላኩን ነው። እሱን እያሰበ እኔ በመቶ ዩሮ ብድር እንደምበላ እንዴት ብዬ ልንገረው? እኛ ደግሞ ፎቶ ስንለጥፍ የብራንደንቡርግ በር ፊት ቆመን ነው፤ ስም የሌለበትን ሣጥን ማንም ፎቶ አያነሳም። ከእኛ በኋላ የሚመጣውም ምንም ሳያውቅ ይመጣል። በዚህ በኩል ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ ዝምታችን ያስከፍላል።

አንዳንዴ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በኡባን፣ ስሄድ አለቃ ታዬን አስባለሁ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1905 እ.ኤ.አ. አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ወደዚችው ከተማ መጥተው በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ግዕዝና አማርኛ አስተምረው በ1908 ተመልሰዋል። እሳቸው ስማቸው ተፈልጎ የመጡ ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖናል ማለት ነው ወደዚህ መመላለስ ከጀመርን። በደርግ ጊዜም ብዙ ወጣት ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልኳል። ያን ያህል ዘመን ተመላልሰን፣ አዲስ የመጣን ልጅ ከጣቢያ ተቀብሎ ሦስት ቀን የሚያሳድር፣ ወረቀቱን የሚያሳየው አንድ የታወቀ ደጃፍ የለንም። በዓል እናከብራለን፣ ማኅበር እንጠጣለን፣ ለቅሶ እንደርሳለን። ለዚህ ግን ተራ የወጣለት የለም።

እኔን ያወጣችኝ እንደዚያ በደርግ ዘመን የመጣች አንዲት እትዬ ናት። ዌዲንግ ሰፈር፣ እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው የተገናኘነው። ሁለት እንጀራ ብቻ ስገዛ አይታ «ለአንድ ሰው ነው?» አለችኝ። «አዎ እትዬ» አልኳት። የት እንደምኖር ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ስለ ሣጥኑም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «አንተ ልጅ፣ እኔ ስመጣ መንግሥት ነበር የተቀበለኝ። እናንተን ማን ይቀበላችኋል?» አለች። ልጇ አግብታ ሌላ ከተማ ስለሄደች አንድ ክፍል ባዶ ነበር። ለቤቱ ባለቤት ደብዳቤ ጽፋ ፈቃድ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ።

የገባሁ ዕለት፣ ቡና ሳይፈላ፣ መቀስና ነጭ ፕላስተር አንስታ ደረጃውን ወረደች። ተከተልኳት። ሣጥኑ ላይ ከእሷ ስም ሥር ፕላስተሩን ለጠፈች፣ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አስተካከለችው፣ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። የአያቴን ስም ብቻ ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ። «ሦስቱንም ጻፍ፤ ፖስተኛው የአያትህን ይፈልግ፣ አንተ የራስህን እይ» አለችኝ። ቦታው ጠባብ ስለነበር ፊደሎቹን አሳነስኳቸው። በማግስቱ የቤት ሰጪውን ወረቀት ፈርማ ሰጠችኝ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ቀጠሮ አገኘሁና ተመዘገብኩ፤ ጉዳዩ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የባንክ ካርዴ መጣ። የምስጢር ቁጥሩ መጣ። የግብር ቁጥሩ መጣ። ለራዲዮና ለቴሌቪዥን በየቤቱ የሚከፈለው የ18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም ደብዳቤም መጣ፤ እሷ ለቤቱ ስለምትከፍል የእሷን ቁጥር ጽፈን መለስን። የአጎቴ፣ የአባቴ፣ የዘመዶቼ ገንዘብ ተለቀቀ። መጀመሪያ የከፈልኩት ያቺን መቶ ዩሮ ነው።

በርሊን፣ ፍራንክፈርት፣ ሙኒክ ሕጋዊ ቤት ይዛችሁ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። የማይኖርበትን ሰው ይኖራል ብላችሁ ፈርሙ አልላችሁም፤ ያ በብዙ ሺህ ዩሮ ሊያስቀጣ የሚችል ጥፋት ነው፣ ማንም አይጠይቃችሁ። ግን ቤታችሁ ውስጥ የሚያድር ልጅ ካለ፣ ኪራይ እየተቀበላችሁም ከሆነ፣ ከባለቤቱ ፈቃድ ጠይቁለት፣ ወረቀቱን ፈርሙለት፣ ስሙን ሣጥናችሁ ላይ ለጥፉለት። በጥቅምት ትምህርት ይጀመራል፤ ልጆቹ በመስከረም መግባት ይጀምራሉ። ፕላስተሩ ሁለት ዩሮ አይሞላም።